ጀሪካኑ የት ደረሰ? የኬሚካል ቆሻሻችንን ለማን እንስጥ

ምናለሽ ተራ የሄድኩት ለቤት ጀሪካን ልገዛ ነበር። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ጀሪካን በዛ አይባልም። ከተደረደሩት መሀል አንድ ሰማያዊ ባለ 20 ሊትር ዓይኔን ያዘው። ጎኑ ላይ በማርከር የተጻፈ ነገር አለ። በሽቦ ተፈግፍጎ ግማሹ ጠፍቷል። የቀረው «ፎርማ» ይላል፣ ከስሩ ደግሞ «ፓቶ 3»። ጽሑፉ የኔ ነው።

ሻጩ «ታጥቧል፣ ንጹህ ነው፣ ውሃም ዘይትም ይያዝበታል» አለኝ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። ወዲያው ዓይኔን ለበለበኝ።

ጀሪካኑ ያገለገለ ፎርማሊን (የሰውነት ናሙና እንዳይበላሽ የሚቀመጥበት ኬሚካል) ይዞ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከምሠራበት የግል ላብራቶሪ ከዚያ ሁለት ወር በፊት የወጣ ነበር። ከሌሎች አስር ጀሪካኖች ጋር። «በአግባቡ እናስወግዳለን» ያለን ድርጅት ነው የወሰደው። ከፍለናል፣ ደረሰኝ ተቀብለናል። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው ሁለት ቃል ነው፤ «የጽዳት አገልግሎት»። ጀሪካኑን ምናለሽ ተራ ባየሁት ቀን ገዛሁት። ታችኛውን በጋለ ሚስማር ሁለት ቦታ በሳሁትና ቢሮዬ አስቀመጥኩት። አሁንም እዚያው አለ።

ከዚያ ወዲህ ይሄን ጉዳይ በዋዛ አላየውም። ጠያቂውም ብዙ ነው። የክሊኒክ ባለቤት ይጠይቀኛል። ማተሚያ ቤት ያለው ይጠይቀኛል። የላውንድሪ፣ የጋራዥ፣ የወርቅ ቤት ሰው ይጠይቀኛል። ሁሉም መሀል ከተማ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ደረጃ ስር የተከማቸ ጀሪካን ይዞ «ለማን ልስጠው?» ነው የሚለው። መልሴን አንድ ላይ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ

አማራጮቹን የማነጻጽርበት መለኪያ አንድ ነው። ነገ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጥቶ «ያ ጀሪካን የት ደረሰ?» ቢለኝ፣ እስከ መጨረሻው ቦታ ድረስ በወረቀት ልመራው እችላለሁ ወይ? ዋጋ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቅልጥፍናም ከዚህ በኋላ።

ይሄን መለኪያ የያዝኩት ሕጉ ራሱ እንደዚያ ስለሚያይ ነው። ስለ አካባቢ ብክለት ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 300/1995 አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማመንጨት፣ ማስቀመጥ፣ ማጓጓዝም ሆነ ማስወገድ ይከለክላል። ልብ በሉ፣ «ማመንጨት» እና «ማስቀመጥ»ም አሉበት። ነገሩ የሚጀምረው ከእኛ ደጃፍ ነው ማለት ነው። ምልክት ሳይለጥፉ ወይም የተሳሳተ ምልክት ለጥፈው ማውጣትም በዚያው አዋጅ ጥፋት ነው። በ2010 ደግሞ አደገኛ ቆሻሻን ብቻ የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጣ። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል።

ቁጥጥሩን በዋናነት የያዙት ሁለት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በከተማችን የአዲስ አበባ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በአገር ደረጃ ደግሞ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይገባበታል። ጨረራ ያለው ነገር ከሆነ ደግሞ መንገዱ ፈጽሞ ሌላ ስለሆነ እዚህ አልነካውም። የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝም ግቢያችሁ መግባት ይችላል። ናሙና ይወስዳል፣ ሰነድ ያያል። ይሄን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ብዙ ሰው ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ጀሪካኑን ይደብቃል። እኔ ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቁጭ አድርጌ ነው የምጠይቀው። ማን ፈቃድ እንዳለው፣ የማን እንደታገደ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ገንዳና ማህበር፦ አይሆንም

ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማህበር ልጆች ናቸው። የቆሻሻ ከረጢቱን በእጃቸው ያነሳሉ፣ በእጃቸው ይለያሉ። ከዚያ ገንዳ፣ ከገንዳ መኪና፣ ከመኪና ረጲ፣ ቆሼ የሚባለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው መሞቱን ማን ይረሳዋል? እዚያ ኑሮውን የመሠረተ፣ ከክምሩ ላይ እየለቀመ የሚያድር ሰው ነበረ። አሲድ ያለበት ጠርሙስ ገንዳ ውስጥ ስትጥሉ እንደዚያ ዓይነት ሰው እጅ ላይ ነው የምትጥሉት።

«ረጲ አሁን ቆሻሻ የሚያቃጥል የኃይል ማመንጫ አለ አይደል?» የሚሉኝ አሉ። አለ፣ በ2010 መጨረሻ ተመርቋል። የተሠራው ግን ለከተማው ተራ ደረቅ ቆሻሻ ነው። እንደ ዛይሊንና ፎርማሊን ላለ የላብራቶሪ ኬሚካል ታስቦ አይደለም።

ማጠቢያና ቱቦ፦ ከአንዲት ነገር በቀር አይሆንም

ብዙ ቦታ የሚደረገው ይሄ ነው፣ እንነጋገር። «ቀስ እያልን በውሃ እናወርደዋለን።» ከመሀል ከተማ የሚወርዱት እነ ግንፍሌና ቀበና ወደ አቃቂ ነው የሚሄዱት። ከአቃቂ አባ ሳሙኤል። በመንገዳቸው ጎመንና ሰላጣ ይለማባቸዋል። ጎመኑ ደግሞ ተመልሶ ወደኛው ገበያ ይመጣል።

የላብራቶሪ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ሬጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ውስጥ እንዳይበላሽ ተብሎ ሶዲየም አዛይድ ይጨመራል። መጠኑ ትንሽ ነው። ነገር ግን ከእርሳስ ወይም ከመዳብ ቧንቧ ጋር ሲገናኝ እየተጠራቀመ የሚፈነዳ ጨው ይሠራል። ከዓመታት በኋላ ቧንቧውን ሊጠግን የመጣ ሰው ላይ ይፈነዳል።

አንዲቷ ነገር ይቺ ናት። ብረትም ሌላ መርዝም የሌለበት ቀጭን አሲድ ከሆነ፣ ቦታው ላይ በቤኪንግ ሶዳ ቀስ አድርጎ ማርገብ ይቻላል። አሲድነቱን በፒኤች ወረቀት እየለኩ 7 አካባቢ እስኪደርስ። ይሄ ለሚያውቅ ሰው የሚተው ሥራ ነው፣ ለጽዳት ሠራተኛ አይሰጥም። ወፍራም አሲድ ማቅጠን ካለባችሁ አሲዱን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ አሲድ አትጨምሩ። እና በምንም ዓይነት አሲድና በረኪና አይገናኙ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ይጥላል። ወርቅ ቤት የምትሠሩ ደግሞ፣ ለቅብ የምትጠቀሙበት ሲያናይድ አሲድ ከነካው የሚወጣውን ጋዝ አንድ ሁለት ጊዜ ሳብ ማድረግ ሰው ሊገድል ይችላል። ሁለቱን አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣችሁ ከሆነ ንባቡን እዚህ አቁሙና ሂዱ ለዩዋቸው።

ቆራሌውና የተቃጠለ ዘይት ገዢ፦ ገንዘብ የሚከፍላችሁ አማራጭ

ይሄኛው ፈታኝ ነው፣ ምክንያቱም እናንተ አትከፍሉም፣ እነሱ ናቸው የሚከፍሏችሁ። ያለቀ ባትሪ ይገዛሉ። ባዶ ጀሪካንና በርሜል ይገዛሉ። የተቃጠለ ዘይት ይገዛሉ።

ቆራሌው ለከተማችን ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ አምናለሁ። ብረቱን፣ ፕላስቲኩን፣ ጠርሙሱን እሱ ባይሰበስብ ምን ይውጠን ነበር? ኬሚካል የነካው ዕቃ ግን ሌላ ነው። ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ባትሪው ጓሮ ውስጥ በመዶሻ ተሰብሮ፣ አሲዱ መሬት ላይ ተደፍቶ፣ እርሳሱ በከሰል ሲቀልጥ ጭሱን የሚስበው እዚያው የሚጫወት ልጅ ነው። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። የተጎዳውም አይመለስም። ስለዚህ ባትሪ ከሆነ፣ አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ለሚቀበላችሁ፣ ለማቅለጥ ፈቃድ ላለው ፋብሪካም ለሚያስረክብ ነጋዴ ስጡ። ዋጋው ትንሽ ቢያንስ ግድ የለም።

የተቃጠለ ዘይት ምስጥ ይከላከላል ተብሎ እንጨት ይቀባበታል። ግንባታ ላይ ካሳፎርማ ይቀባበታል። እዚህም እዚያም ማገዶ ይሆናል። ከሞተሩ የተጠራቀመ ብረት ስላለበት በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል ያ ሁሉ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጋራዥ ያላችሁ፣ ዘይቱን ለብቻው፣ ከቤንዚንና ከፍሬን ዘይት ሳትቀላቅሉ ያዙት። ያልተቀላቀለ ዘይት ተቀባይ ያገኛል። የተቀላቀለ ከሆነ ግን ማንም ደህና ድርጅት አይነካውም።

ባዶ ዕቃ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ብሱት። ሦስት ጊዜ አጥባችሁ፣ እጣቢውን ከቆሻሻው ጋር ጨምራችሁ፣ ታችኛውን ብሱት። ፕላስቲክነቱ አይጠፋም፣ አሁንም ይሸጣል። የማንንም ውሃ ግን አይዝም።

ላቀረበላችሁ መመለስ፦ ሰው የሚረሳው

ሲገዙ መደራደር የሚባል ነገር አለ። እኛ አሁን ከአስመጪዎች ፕሮፎርማ ስንሰበስብ አንድ መስመር እንጨምራለን። «ጊዜው ያለፈበትንና ያልተከፈተውን ትመልሳላችሁ ወይ?» አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ እሺ ይላል። እሺ ያለው ዋጋው ከፍ ቢል እንኳ እሱን መርጠን እናውቃለን።

ይሄ አማራጭ የሚሠራው ላልተከፈተ ዕቃ፣ ለባትሪ፣ ለቶነርና ለመሳሰለው ነው። ለተቀላቀለ ፍሳሽ አይሠራም። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ከመነሻው በልክ መግዛት ነው። ሦስት ዓመት የሚበቃ ሬጀንት በቅናሽ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ግዢ ክፍል፣ በሁለት ዓመት ጊዜው የሚያልፍበትን ቆሻሻ ነው የገዛው።

የግል አስወጋጅ ድርጅት፦ ዋናው ጉዳይ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለአብዛኞቻችን በመጨረሻ መንገዱ ይሄ ነው። ስህተትም የሚሠራው እዚህ ነው፣ የኛም ጀሪካን ከዚህ ነው ያመለጠው።

በስም ሁሉም «አደገኛ ቆሻሻ እናስወግዳለን» ይላል። በተግባር ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አጓጓዥ ነው። አይሱዙ አለው፣ ሠራተኛ አለው፣ ከእናንተ አንስቶ ለሌላ ያደርሳል። ሁለተኛው የራሱ ማከሚያ ወይም ማቃጠያ ቦታ አለው። አጓጓዥ መሆን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ አጓጓዡ አስወጋጅ መስሎ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መኪናችሁ ከዚህ ወጥቶ የት ነው የሚያራግፈው?» ይሁን። አድራሻ ከጠቀሰ ጥሩ። «እሱን ለኛ ተዉት» ካለ እናንተም ተዉት።

ቀጥሎ ወረቀት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የንግድ ፈቃድ ብዙ ሰው ያታልላል። የንግድ ፈቃድ ሰውየው ነጋዴ መሆኑን ነው የሚናገረው። የሥራ መደቡን አንብቡት። «ጽዳት አገልግሎት» ከሆነ ወለል ሊወለውል ይችላል፣ ኬሚካል ሊያነሳ ግን አይደለም። መታደሱን እዩ። እድሳት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ፣ በጥር ያልታደሰ ፈቃድ ይዞ የሚመጣ ሰው ነገር አለበት። ኪውአር ኮድ ካለው በስልካችሁ ቃኙት። ከዚያ ለብቻው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የሰጠውን ፈቃድ ጠይቁ። ለየትኛው የቆሻሻ ዓይነት? ለማጓጓዝ ነው ወይስ ለማስወገድም? እስከ መቼ? ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ባለሥልጣኑ ቢሮ ሂዱና «ይሄ የእናንተ ነው?» በሉ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኛ ያኔ ይቺን ግማሽ ቀን ነው የሰሰትነው።

ፈቃድ ብቻውን ግን አይበቃም። ለምን እንደምል አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ፕሮቦ ኮአላ የተባለች መርከብ ኮትዲቯር፣ አቢጃን ወደብ ላይ ደረሰች። የተከራያት ትራፊጉራ የተባለ የነዳጅ ነጋዴ ነው። የያዘችውን መርዛማ ዝቃጭ አምስተርዳም ላይ ልታራግፍ ሞክራ ነበር። ዋጋው ተወደደና ዝቃጩን ይዛ ተመለሰች። አቢጃን ላይ ቶሚ የሚባል የአገሩ ድርጅት በጣም ባነሰ ዋጋ ተቀበለ። ቶሚ ፈቃድ ነበረው። ፈቃዱን ካገኘ ግን ገና ሳምንታት ነው የሆነው፣ ዝቃጩን የሚያክምበትም ቦታ አልነበረውም። መኪኖቹ በሌሊት ከተማው ውስጥ በየቦታው ደፉት። ከ100,000 በላይ ሰው ሕክምና ፈለገ፣ የሞተም አለ። በወረቀት ቢታይ ነገሩ ሁሉ የተሟላ ነበር። ፈቃድ ሰጪውም፣ ከፋዩም የመጨረሻውን ቦታ ሄዶ አላየም።

እኔ ስለዚህ ሄጄ አያለሁ። ውል ከመፈረማችን በፊት ማራገፊያው ድረስ። ብዙ አያስፈልግም። አጥር አለው ወይ? ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይስ አፈር? የሌሎች ሰዎች ጀሪካን ምልክት ተለጥፎበት ተለይቶ ተቀምጧል ወይስ ተቆልሏል? ባዶውስ ዕቃ የት ይሄዳል? ሠራተኞቹ እግር ላይ ምን አለ? የኛን ጀሪካን የወሰዱት ሁለት ወጣቶች ነጠላ ጫማ አድርገው ነበር። ጓንት የላቸውም። ያኔ አይቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ቢሆን መኪናውን እመልሰዋለሁ።

ከዚያ የርክክብ ሰነድ። በሙያው ማኒፌስት ይሉታል። ምን ዓይነት ቆሻሻ፣ ስንት ኪሎ፣ በስንት ዕቃ፣ የመኪናው ታርጋ፣ ቀን። ሦስት ፊርማ አለው። የሰጪ፣ የአጓጓዥ፣ የመጨረሻ ተቀባይ። ሦስተኛው ፊርማ ያለበት ቅጂ ተመልሶ እጃችሁ እስኪገባ ጉዳዩ አላለቀም። የክፍያውን የተወሰነ ክፍል ሦስተኛው ፊርማ እስኪመጣ ያዙት። ውላችሁ ላይ ይጻፍ። እኛ እንደዚያ ማድረግ ከጀመርን ወዲህ ሁለት ድርጅቶች «ተዉት እንግዲህ» ብለው ሄደዋል። ማን ምን እንደሆነ ያለ ምንም ምርመራ ነገሩን።

ዋጋን በተመለከተ፦ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ አንዱ ከሌሎቹ በግማሽ ቢያንስ አትደሰቱ። ማጓጓዝ ዋጋ አለው፣ ማቃጠል ነዳጅ ይፈልጋል። የጎደለው ገንዘብ የጎደለ ሥራ ነው። በተለይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዢ ክፍል ያላችሁ፣ በእናንተ እጅ ትልቅ ነገር አለ። የጨረታ ሰነዱ ላይ የአካባቢ ፈቃድንና የመጨረሻ ተቀባይን ማረጋገጫ እንደ ቴክኒክ መስፈርት ካላስገባችሁ፣ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ ወንዝ ውስጥ የሚደፋው ሰው ነው።

መጨረሻው ምን ላይ ነው?

«እናቃጥለዋለን» ሲሉ «በስንት ዲግሪ?» በሉ። ለሆስፒታል ቆሻሻ ተብለው በጡብ የሚሠሩ ትንንሽ ማቃጠያዎች ለመርፌና ለፋሻ ናቸው። ክሎሪን ያለባቸው ፈሳሾች፣ ለምሳሌ ላውንድሪዎች ለደረቅ እጥበት የሚጠቀሙት ፐርክሎሮኢትሊን (ባጭሩ ፐርክ)፣ ቢያንስ 1,100 ዲግሪ፣ ያውም ጭሱ እዚያ ሙቀት ላይ ሁለት ሰከንድ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች ሲቃጠሉ ዳዮክሲን የሚባል ነገር ይወጣል። ዳዮክሲን አገራችን በፈረመችው የስቶክሆልም ስምምነት ከተዘረዘሩት መርዞች አንዱ ነው። ይሄው ፐርክ መሬት ላይ ቢደፋ ደግሞ ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፣ የከርሰ ምድር ውሃ ድረስ። አዲስ አበባ ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ እንደምትጠጣ አትርሱ።

የሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን 1,450 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ በብዙ አገር ለተቃጠለ ዘይትና ለሟሟ ፈሳሽ ይመረጣል። ሜርኩሪ ያለበት ነገር ግን እዚያም አይገባም፣ ተንኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ድርጅቱ «ለሲሚንቶ ፋብሪካ ነው የምናስረክበው» ካላችሁ፣ የፋብሪካውን የመቀበያ ደብዳቤ እዩ።

«ወደ ውጭ እንልካለን» የሚልም ያጋጥማችኋል። ይቻላል። ኢትዮጵያ ከዓመታት በፊት ከ1,000 ቶን በላይ ያረጀ ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ተከማችቶባት ፊንላንድ ተልኮ ተቃጥሏል። ነገር ግን በባዝል ስምምነት መሠረት የተቀባዩ አገርም፣ የሚያልፍበትም አገር አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት አለበት። በእኛ ሁኔታ ጅቡቲም ማለት ነው። ሁለት ጀሪካን ይዞ ይሄን ሁሉ የሚያደርግ የለም። እንልካለን ያላችሁ ሰው የፈቃድ ደብዳቤውን ካላሳያችሁ ቃሉን አትቀበሉት።

እስከዚያው ማስቀመጥ

ደህና ተቀባይ እስክታገኙ በሥርዓት ማስቀመጥ ከሁሉ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ይሄን ስል ሰው ይገረማል። የተቀመጠ ጀሪካን ግን የት እንዳለ ይታወቃል። ዕቃው ሙሉ አይሞላ፣ ለመስፋፊያ ትንሽ ይተውለት። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የሞላው ማን እንደሆነ ይጻፍበት። ስሩ የሚፈሰውን የሚይዝ ሰፊ ትሪ ይኑር። የሚቀጣጠለው ከአሲዱ፣ አሲዱ ከበረኪናው ይራቅ። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ይሁን። ሕጉ ማስቀመጥንም በፈቃድ ስላደረገው፣ ያላችሁን ዘርዝራችሁ ለባለሥልጣኑ በደብዳቤ አሳውቁ።

ትምህርት ቤት ያላችሁ ግን የድሮ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ «ፒክሪክ አሲድ» የሚል ደረቅ ቢጫ ዱቄት ያለበት ጠርሙስ ካገኛችሁ አትንኩት። ክዳኑንም አትክፈቱ። ደርቆ ከሆነ በመፈተግ ብቻ ይፈነዳል። በሩን ዘግታችሁ ለፖሊስ ደውሉ።

እኔ ብሆን

ጋራዥ ቢኖረኝ ዘይቱን ለይቼ አጠራቅሜ የአካባቢ ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ፣ ባትሪውን ለሻጩ። ላውንድሪ ቢኖረኝ የፐርክ ዝቃጬን የመጨረሻ ቦታው በዓይኔ ላየሁት ድርጅት ብቻ። ትንሽ ክሊኒክ ቢኖረኝ ለብቻዬ ውል አልገባም። እዚያው ሕንፃ ላይ ካሉት ሌሎች ክሊኒኮች ጋር ተነጋግሬ በአንድ ውል፣ በአንድ መኪና፣ በየሦስት ወሩ። ዋጋው ይቀንሳል፣ ማራገፊያውን ሄዶ ማየትም በየተራ ይሆናል። እኛ ካለንበት ሕንፃ አራት ሆነን እንዲህ ጀምረናል። ባለፈው ሄዳ ያየችው ከሦስተኛ ፎቅ ያለች የጥርስ ሐኪም ናት። ከአምሳ በላይ ፎቶ ይዛ መጣች።

ቢያጠፉስ?

ጀሪካናችሁን ምናለሽ ተራ ካገኛችሁት፣ ወይም አይሱዙው ወንዝ ዳር ሲያራግፍ ካያችሁ፣ ዝም አትበሉ። አዋጅ 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በግል ባይደርስበትም እንኳ፣ ለባለሥልጣኑ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። የሰፈሩ ነዋሪ መሆን እንኳ አይጠበቅባችሁም። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

እኔ ያኔ በስልክ ብቻ ተናግሬ ቀረሁ። በስልክ የተናገርኩትን ማንም መዝግቦ አልያዘውም። እናንተ በጽሑፍ አድርጉት። የመኪናውን ታርጋ፣ ቀኑን፣ ፎቶውን፣ የርክክብ ሰነዱን ቅጂ አያይዙ። ማመልከቻው ሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ። በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን ሳይመታበት ከመስኮቱ አትነሱ። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያች ማህተም ነው።